ጥለታችን በጣቃ ተመልሶ ሲመጣ

አባቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ስምንት ሸማኔ የሚያሠራ የሽመና ቤት ነበረው። ነበረው ስል ያመኛል። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ሸማኔዎቹ ናቸው የሌሉት።

ከስምንቱ ትልቁ ከማክሰኝት ገጠር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እኛ ቤት ስለሠሩ አባቴም እናቴም እኛ ልጆቹም «አያ» ነበር የምንላቸው። የቀሚሱን ጥለት የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ወረቀት ላይ አይነድፉም፤ ክሩን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይሠሩታል። በዚያ መካከል ያናገራቸው ሰው ወዮለት። በቤታችን ልማድ አንድ ሥራ አልቆ ሲቆረጥ የጫፉ ቁራጭ ለሸመነው ሰው ይቀራል፤ ምን አደረግኸው ብሎ የሚጠይቀው የለም።

አንድ ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ አረንጓዴ ክር ከከተማው ጠፋ። ባለቀለሙ ክር ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ነጋዴዎቹ «ዶላር የለም» ይላሉ፣ እኛ ደግሞ ዶላርን ከጥለት ጋር ምን አገናኘው እያልን እንናደዳለን። አያ መስቀል መስቀል እየጣሉ የሚሠሩት አንድ ጥለት ነበር። የመጨረሻው መስቀል አንድ ክንፍ ሲቀረው አረንጓዴው አለቀባቸው። ትንሽ አሰቡና በሰማያዊ ጨረሱት። «ሸጋ ነው፤ ሰው አያየውም» አሉ።

እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ያጣሁ፣ ግን ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ልጃገረድ ነበርሁ። የሽመና ቤቱን ሥራ ቴሌግራም ላይ አወጣሁት። ነጋዴ ነኝ ያለ አንድ ሰው ጻፈልኝ። ብዙ ቀሚስ እንደሚፈልግ፣ ለውጭ ገበያ እንደሚያቀርብ ነገረኝና የጥለቱን ፎቶ ከቅርብ፣ ጥርት አድርጌ እንድልክለት ጠየቀኝ። ደስታዬ ልክ አጣ። አባቴን አስደንቀዋለሁ ብዬ ለማንም ሳልናገር ያንኑ ባለሰማያዊ ክንፍ ጥለት፣ ጫፉ ተቆርጦ ለአያ ሳይሰጥ፣ መስኮት ላይ ዘርግቼ አነሣሁና ላክሁለት። ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልጻፈልኝም።

በዓመቱ ለጥምቀት ገበያ ጥለታችን ስስ ጨርቅ ላይ ታትሞ በጣቃ በጣቃ መጣ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው ሰው ማተሚያ ማሽን አላየም። ገዢውን ልውቀስ ብል አልችልም። ጨርቁ ቀላል ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋው ከኛ ጋር አይወዳደርም። ጓደኞቼ እንኳ ገዙት። አባቴ ከአንድ ሱቅ ቁራሽ አስቆርጦ አመጣና ሁላችን ፊት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በየረድፉ መጨረሻ ያለው መስቀል አንድ ክንፉ ሰማያዊ ነበር።

ወደ አያ ዞረ። «ሰማያዊው ክንፍ ያለው አንተ በወሰድኸው ቁራጭ ላይ ብቻ ነበር፤ የት ነው?»

«ለነፍስ አባቴ ሰጠኋቸው፤ መስቀላቸውን ይጠቅልሉበት ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት እንጀራዬን በልተህ ቤቴን ሸጥኸው?»

«አያ» እያለ ሲያከብራቸው የኖረ ሰው በሠራተኞቹ ፊት «አንተ» አላቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ስልኬ እጄ ላይ ነው፣ ፎቶው ስልኬ ውስጥ ነው። ስልኬን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት። ነገ ሲበርድለት እነግረዋለሁ አልሁ ለራሴ።

አያ መወርወሪያቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ተነሡ። «ምነው፣ ቄሱን መጠየቅ አቃተህ?» አሉት። አባቴ ሲቆጣ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። «ይሁን፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ወጡ።

እያደር የጠራ ነገር የለም። ሸማኔዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሌላው አዘዞ ቤት ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። አባቴ በሩ እንዳይዘጋ ብሎ ያንኑ የታተመ ጣቃ እየገዛ ቀሚስ ያሰፋል። ማታ ራት ላይ ግን «ከውጭ የመጣውን እችለው ነበር፤ የገደለኝ ከቤቴ የወጣው ነው» ይላል። እኔ ሳህን አነሣለሁ።

ሦስት ዓመት ቆይቼ፣ ባለፈው ክረምት፣ ማክሰኝት ሄድሁ። አያን እህል ገበያው ውስጥ አገኘኋቸው። የጤፍ ጆንያ አፍ በሲባጎ ይሰፋሉ። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም፤ ጆንያ የሚቆጠር ነገር የለውም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ፎቶውን የላክሁት እኔ መሆኔን እያለቀስሁ ነገርኋቸው። «ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

እስክጨርስ ሰሙኝና ሲባጎውን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርሁትም።»

«እንግዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? እንዳልሰረቅሁ እኔማ አውቃለሁ።»

ቀጣዩን ጆንያ ሳቡ።

በሚኒባሱ መንገዱን ሙሉ ዛሬ እናገራለሁ እያልሁ መጣሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ደጋግሜ አጠናሁት። አባቴ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ የታተመ ጨርቅ ያጣጥፍ ነበር።

«የት ዋልሽ?» አለኝ።

«ማክሰኝት።»

እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ያን ሌባ አየሽው?»

«አላየሁትም» አልሁ።