ሳይዘንብብን የመጣ ጎርፍ

ከአሶሳ ወደ መንጌ የሄድኩት ልጄን ሐያትን ላመጣት ነው። ሐያት መንጌ አስተማሪ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ስለሚሠራ አጠገቧ የለም። ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ መንገዱ ይቆረጣል። እናቷ «ውሃው ሳይሞላ ልጄን አምጣልኝ» እያለች እንቅልፍ ስትነሳኝ ሰነበተች። በሰኔ መግቢያ አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችንን ልጅ ጀማልን ከነሚኒባሱ ይዤ ወጣሁ።

ጠዋት

ሆሞሻ ላይ ፉል በዳቦ በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ትናንት በዘነበው ዝናብ ላቁጦ ስለነበር ሚኒባሱ እስከ መስኮቱ ጭቃ ለበሰ። መሀል መንገድ ላይ አንድ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ፤ መኪና በአሸዋው ላይ ነው የሚሻገረው። ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም ነበር። ዳር ዳሩን ሴቶች ጎንበስ ብለው አሸዋውን በእንጨት ገበቴ እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ። ሰላም ብለናቸው አለፍን።

መንጌ ስንደርስ ሐያት ሻንጣዋን አዘጋጅታ በር ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ነገ ብንሄድስ? በላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል» አለችኝ።

«እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አንቺ ስለ ዝናብ ታወሪያለሽ! አብሽሪ» አልኳት።

ስድስት ሰዓት ገደማ

እኔ ሰው ፊት ቆሽሾ መቅረብ አልወድም፤ ቤተሰቤ ሁሉ በዚህ ይስቅብኛል። ወንዙ ጋ ስንመለስ «ጀማል፣ እስቲ አቁምና ለቅለቅ አድርገው። ነፍሰ ጡር ሳይሆን ከብት የጫንን ነው የምንመስለው» አልኩት። እኛ አገር መኪና ዳር አቁሞ ውሃ የሚያመላልስ ሾፌር የለም፤ ጎማውን ውሃው ውስጥ ይነክርና እዚያው በባልዲ ይለቀልቃል። ጀማልም እንደዚያው አደረገ። ሐያት እግሯ ስላበጠ ከኋላ ወንበር ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። እኔ ሱሪዬን ሰብስቤ ፊቴን መታጠብ ጀመርኩ።

ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ በኩል፣ ድብ ድብ የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ቀረብ ካለ ቦታ ተደገመ።

«ሰርግ አለ መሰለኝ» አልኩ። ጀማል ባልዲውን ይዞ ትከሻውን ነቀነቀ።

ለካ ወርቅ አጣቢዎቹ ናቸው፤ ከላይ ያሉት ውሃ ሲመጣ ካዩ ገበቴያቸውን ይደበድባሉ፣ ከታች ያሉት ተቀብለው ያስተላልፋሉ። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች ዕቃቸውን አንስተው ወደ ዳገቱ ሮጡ። ከመካከላቸው አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ ኋላ ስማቸው ሐዋ መሆኑን የሰማሁት፣ ወደ እኛ ተመለሱ።

«ውጣ! ልጅ አውጣ! ውሃ መጣ!»

«እማማ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል» አልኳቸው።

ወደ እግሬ ጠቆሙኝ። የጠራው ውሃ ደፍርሶ አረፋና የደረቀ የቀርከሃ ቅጠል ይዟል። ጀማል ዘሎ ሞተር አስነሳ፤ ጎማው አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። እማማ ሐዋ በሩን ከፍተው ሐያትን በአንድ ክንዷ ያዙ፣ እኔ በሌላው። ውሃው ጉልበቴ ደርሷል።

«የእርግዝና ክትትል ካርዴ!» አለች ሐያት። ልመለስ ስል እማማ ሐዋ ሸሚዜን ጨምድደው ያዙኝ።

«ወረቀት ተው! መኪና ተው! አንተ ሹፌር፣ ና!»

ጀማል እየዘለለ ወጣ። ዳር ላይ ልንቆም ስንል «ከፍ! ገና ከፍ!» እያሉ ዳገቱን አስወጡን። ገና ዞር ከማለታችን ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያጋጨ ደረሰ። ሚኒባሱን አነሳው፣ አዞረው፣ ከታች በኩል ከድንጋይ አላትሞ ጣለው። እኛ ላይ አንዲት ጠብታ አልዘነበችም። ያ አላህ!

ዳገቱ ላይ

ሐያት ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ቆይታ ቆይታ «አባዬ፣ አይንቀሳቀስም» አለችኝ።

ማዶ ብንሻገር ሆሞሻ ጤና ጣቢያ አለ። ውሃው ጎደል ሲል ልሸከማት ተነሳሁ።

«ቁጭ በል። ሌላ አለ» አሉ እማማ ሐዋ።

«ልጄ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ። ቁጭ በል።»

ተናድጄ፣ እያለቀስኩ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ጎርፍ መጣ፤ ልረግጠው የነበረውን አሸዋ ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እማማ ሐዋ በዱላ መሬቱን እየነኩ አስቀድመው ገቡ፣ አሻገሩን። ማዶ መንገድ ተዘግቶበት የቆመ ፒክአፕ ሆሞሻ አደረሰን።

አዋላጇ መሣሪያዋን የሐያት ሆድ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

«አባት፣ ልቡ ይመታል። ደህና ነው» አለች።

እዚያው ሰው ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ወደ ማታ፣ አሶሳ

አናት ላይ ያለው ሰማይ ስለ ወንዝ ምንም እንደማይናገር፣ ከላይ አገር የዘነበው ፀሐይ ላይ ላለ ሰው እንደሚደርስ፣ ውሃ ከደፈረሰ ዕቃ ጥሎ ወደ ከፍታ መሮጥ እንጂ መከራከር እንደማይገባ፣ ጎደለ ብሎም ወዲያው መግባት አደገኛ እንደሆነ በዚያ አንድ ቀን ተማርኩ።

ባለቤቴ በር ላይ ሐያትን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ ጀማል ላይ ዞረች።

«አንተ ነፍስ የሌለህ! እርጉዝ ጭነህ ወንዝ መሀል ታቆማለህ?»

ጀማል መኪናውን ያጣ ልጅ ነው። አንገቱን ደፋ። ሐያት ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ ነኝ አቁም ያልኩት» አልኩ። «ሐያትም ነገ እንሂድ ብላኝ ነበር።»