«ባዶ ሆዴን ነኝ» ያልኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአራት ሰዓት ጥቂት ሲያልፍ ነው። ወገኖች፣ ጌታ ይባረክ! ሰው ፊት መቆም እንደሚያስፈራኝ ታውቃላችሁ፤ ግን ያደረገልኝን ዛሬ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እዚሁ ነገሌ፣ በዚች ጉባኤ ነው ያደግሁት። ዩኒቨርሲቲም ሳለሁ ዘምሬአለሁ። ግን ከጌታ ይልቅ የምፈራው እናንተን ነበር። ያን ሳምንት የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይዘን፣ እኔ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገበያ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አራት ሳምቡሳ በግመል ወተት ሻይ አወራረድኩ። አፌን ጠርጌ በባጃጅ ወደ ጸሎት ስከንፍ ባጃጁ ጉድጓድ ገባ፤ እኔ ከባጃጁ ወጣሁ። ትከሻዬ ወለቀ።

የጸሎት መሪያችን እትዬ ዘነበች ደርሰው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

«አካም፣ እህቴ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ ሐኪሙ። «ትከሻሽን ስንመልስ እንዳያምሽ በመርፌ እናስተኛሻለን። መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው?»

እትዬ ቀደሙኝ። «ጾመኛ ናት ዶክተር! ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃም አልቀመሰች።»

«እሷ ትንገረኝ።»

«ባዶ ሆዴን ነኝ» አልኩ።

«ሃሌሉያ!» አሉ እትዬ።

ሐኪሙ ኦክስጅኑን አቀረበ። መድኃኒቱን እየሳበ፣ «ጥሩ ነው። ሆዱ የሞላ ሰው ተኝቶ ካስመለሰው ሳንባው ይገባል፤ ሊገድለውም ይችላል» አለ።

ወገኖች፣ አራቱም ሳምቡሳ ባንድነት ብድግ አሉ! በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ማረኝ» ስል፣ «እኔማ አውቃለሁ፤ ለሐኪሙ ንገሪው» የሚል ቃል መጣልኝ።

«ዶክተር፣ ቆይ! አራት ሳምቡሳ! ሻይም አለ!»

«አራት?» አሉ እትዬ። ከጾሙ ይልቅ ቁጥሩ ያስደነገጣቸው ይመስላል።

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጣቶቼን ዳሰሰ። ደም ይደርሳቸዋል፤ አልደነዘዙም። «እንኳን ነገርሽኝ። ሆድሽ እስኪቀል መጠበቅ እንችላለን» ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ አስተኛኝ፤ አንዲት ነርስ ሌላ ሥራ ሳትነካ ትንፋሼን ስትከታተል ነበር። ስነቃ ትከሻዬ ቦታው ገብቷል፤ እትዬ ይስቃሉ።

«ተኝተሽም "አራት ናቸው፣ አራት ናቸው" ስትዪ ነበር፣ ልጄ።»

ክብር ለስሙ ይሁን! ትከሻዬን በሐኪም እጅ መለሰልኝ፤ እኔንም ከእናንተ ፍርሃት ፈታኝ። ወገኖች፣ እመኑት፤ ከነሳምቡሳችሁ ይቀበላችኋል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ኪኒኑን ከምግብ በኋላ እንድውጥ ታዝዤ ስለነበር፣ ያችው ሻይ ቤት ሄድኩ። በደህናው እጄ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዞርኩና፣ እናንተ ለጸሎት ስታልፉ እያየኋችሁ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ።