ለደወሉ ብቻ የተሰጠ ፈቃድ

የእህቴ ባል የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ሁለቴ» ይለዋል፤ የቆለፈውን በር ተመልሶ ሳይነቀንቅ አይሄድማ። እህቴ በዚህ ስትስቅበት ኖራለች። «ላግባሽ ሲለኝ እሺ ብለው፣ እስቲ ድገሚው አለኝ» ትል ነበር።

አንድ ጠዋት ግማሽ አካሏ ከዳት፤ አንደበቷም ተያዘ። እሷ ፎቅ ላይ ተኝታ፣ እሱ ምድር ቤት ሱቁ ውስጥ ሆኖ፣ ተጣርታ ልታስመጣው አልቻለችም። ስለዚህ መዳፍ በምታህል ኮምፒውተር ላይ ዌብ አፕ፣ በስልክ የሚከፈት ገጽ፣ ሠራላት። ስልኳ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ክብ አለ። በደህናው ጣቷ ስትነካው አረንጓዴ ይሆናል፤ ታች ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ያለው ደወል ይጮኻል። ጋሼም የያዘውን ጥሎ ደረጃውን እየዘለለ ይወጣል። እሱ ደርሶ እስኪመልሰው ክቡ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል።

ችግሩ፣ ፕሮግራሙ ደወሉን የሚያዘው «ሩት» በሚባለው የኮምፒውተሩ ሙሉ ሥልጣን ሲሠራ ብቻ ነበር። ይሄ ጋሼን ዕረፍት ነሳው። ግቢው ውስጥ ካሉት ተከራዮች ጋር አንድ ዋይፋይ ይጋራሉ፤ በገጹ በኩል ሾልኮ የገባ ሰው ኮምፒውተሩን እንዳለ ይወርሰዋል።

«ጋሼ፣ አሁንስ አበዛኸው! ማን መጥቶ ደወል ይሰርቅሃል?» አልኩት።

«ታዲያ ለአንድ ደወል ብዬ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ላስረክብ?»

ለፕሮግራሙ ሥልጣን የሌለው ተራ መለያ ከፈተለትና የደወሉን መስመር ብቻ እንዲነካ ፈቀደለት። ሞከረው፤ ጮኸ። እንደ ልማዱ ደገመው፤ ጮኸ። እህቴ በግማሽ ፊቷ ሳቀች። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ እንደገና አስነስቶ ግን አልሞከረውም። የሰጠው ፈቃድ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ በራሱ ተነሣ፤ ገጹም በራሱ ተከፈተ፤ ቀዩ ክብ በቦታው ነበር። ምሳ ይዤ ስደርስ ጋሼ ሬዲዮ ፈታትቶ ያፏጫል።

«ዛሬ አንዴም አልጠራችኝ፤ ጥሩ እንቅልፍ ወስዷታል መሰለኝ» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። አብረን ወጣን።

እህቴ ትንፋሽ አልነበራትም። ስልኩ ደረቷ ላይ ነው፤ ጣቷ ከላዩ አልተነሣም፤ ክቡ አረንጓዴ ሆኗል። ጋሼ ስልኩን አንስቶ ወደ ቀይ መለሰውና ነካው። አረንጓዴ ሆነ። ከታች ምንም አልተሰማም። ደግሞ ነካው።

ሐኪሙ ቶሎ ቢደረስላትም ላትተርፍ ትችል ነበር አለ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ደገመለት። እሱ ግን «እጇን እይዝላት ነበር» ይላል፣ ሌላ አይልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ አረንጓዴ ነው። ሰምቶኛል፣ እየመጣ ነው ብላ ጠብቃዋለች።

በኋላ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ፈቃዱ አብሮ እንዲመለስ አደረገው። አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር የጎደለው። አሁን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ የተነጠፈው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክቡን ይነካል። ታች፣ ማንም በሌለበት ሱቅ ውስጥ፣ ደወሉ ይጮኻል። ከዚያ ደግሞ ይነካዋል።