አባ የዘረሩት ሻምፒዮን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእኔን ያህል የተደበደበ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሚደበድበኝ አሮጌ የቦክስ ጌም ውስጥ ያለ አንድ ወፍራም ሻምፒዮን ነው። ሌሎቹን ሁሉ አሸንፌ እሱ ዘንድ ስደርስ መሬት ላይ ያነጥፈኛል። እልህ ይዞኝ እሑድ እሑድ ከቤት መውጣት ተውኩ። የንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው አባ» እላለሁ። መደብደብም እኮ ሥራ ነው።

ባለፈው እሑድ እሳቸው ራሳቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ ከተፍ አሉ። ግጥሚያው ጦፏል። ካህንን «አንዴ ይጠብቁኝ» አይባል ነገር! የጌሙን መቆጣጠሪያ፣ ጆይስቲኩን፣ ወንበሬ ላይ ጥዬ ብድግ አልኩና መስቀል ተሳለምኩ። ቀና ስል አባ ወንበሬ ላይ፣ ማለትም ጆይስቲኩ ላይ፣ ተቀምጠዋል። ይነሡማ አይባሉ!

«ምነው ልጄ፣ ወንበርህ ይቆረቁራል?» እያሉ ወዲያና ወዲህ ተመቻቹ። እሳቸው በተመቻቹ ቁጥር የእኔ ቦክሰኛ አይቼው የማላውቀውን ቡጢ ያዘንበዋል። ሻምፒዮኑ ተንገዳገደ፤ ከዚያም ተዘረረ።

አባ ጆይስቲኩን ከመቀመጫቸው ሥር አውጥተው አገላብጠው አዩት። ቴሌቪዥኑን አዩ። እኔን አዩኝ።

«ይኸን ለመጣል ነው ዓመት ሙሉ ከቅዳሴ የቀረኸው?»