ከስሜ ሥር የተተወው መስመር

እህቴ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አንድ ጠባብ ክፍል አለቻት። የትምህርት ቤት ሠራተኛ በወንጀል ሲከሰስ ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ የምታደርሰው እሷ ናት። በስልክ አትናገርም፣ በሰው አትልክም፤ ከጠዋቱ ደወል በፊት ራሷ ትደርስና መዝገቧ ላይ አስፈርማ ትመለሳለች። ጥቁር ቦርሳዋ ከሩቅ ሲታይ መምህራኑ “ደግሞ ዛሬ በማን ይሆን?” ይባባላሉ። ያወጡላት ስም “ሳጅን ቦርሳ” ነው። ስትሰማ ትስቃለች። የቦርሳው እጀታ ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል፤ አዲስ ብገዛላት መልሳ ሰጠችኝ።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ተጨቃጨቅን፤ ሰውዬው ሄዶ “ጥርሴን ሰበረው” ብሎ ከሰሰኝ። እጄን አላነሳሁበትም። ከሳምንት በኋላ ልጆቹን አውርጄ ሳልጨርስ ያ ጥቁር ቦርሳ በበሩ ገባ። የመጣችው በእኔ ነበር። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ።

“እትዬ፣ አንድ ቀን ብታሳድሪው ምን ነበረበት?” አልኳት ስትወጣ ጠብቄ።

“የማንንም አሳድሬ አላውቅም። የምትጭነው ስንቷ እናት አምናህ የሰጠችህን ልጅ ነው።”

“እኔስ? እኔን አታምኚኝም?”

“እኔማ አምንሃለሁ። እነሱ ግን የእኔ ወንድም መሆንህን ምን ያድርጉት?”

ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ሲባል ነው ያደግነው፤ እሷ ይሄን ሲያስተምሩ አልነበረችም መሰለኝ። በዚያው ቀን ቁልፌን አስረከብኩ፤ ጉዳዩ እስኪለይ ቤትህ ዋል ተባልኩ። ከእህቴ ጋር ተኮራረፍን። እሁድ እሁድ እማዬ ዘንድ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። እማዬ “ምነው እንዲህ ግትር ሆናችሁ!” እያለች ታማርራለች፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረስነው ግን አንስታ አታውቅም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእኔ ላይ ማደሩ አራት ወር ፈጀ። ጥርሱ ከጭቅጭቁ በፊት የተነቀለ መሆኑን የነቀለው ሐኪም ራሱ መሰከረና በነጻ ተሰናበትኩ። ይህን ለትምህርት ቤቱ መንገር ግን የማንም ሥራ አይደለም፤ ደንቡ ስለ ክስ እንጂ ነጻ ስለ መውጣት አያወራም። በማግስቱ የውሳኔውን ግልባጭ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ።

እህቴ ቀድማኛለች። የዕረፍት ቀኗ ነው፤ የደንብ ልብሷን ግን ለብሳለች። ዳይሬክተሩን “ያን ጊዜ ክሱን የሰሙ ሁሉ ይሄንንም ይስሙት” ብላ መምህራኑ ፊት ነጻ መውጣቴን የሚገልጽ ደብዳቤ አስነበበችው። ከዚያ መዝገቧን ዘርግታ አስፈረመችው።

አጮልቄ አየሁ። ከእያንዳንዱ ተከሳሽ ስም ሥር አንድ መስመር ትታለች፣ ለሁለተኛው ደብዳቤ። ጥቂቱ ተሞልቷል፤ ብዙው ባዶ ነው። ከእኔ ስም ሥር ያለው ቦታ ግን እጅ በዝቶበት አድፏል።

“ለሁሉም ነው የምትተይው?”

“ለሁሉም” አለች ቦርሳዋን እየዘጋች። “ያንተን ግን በየጠዋቱ በጣቴ ሳልነካው ሥራ ጀምሬ አላውቅም።”

ቦርሳውን ከእጇ ተቀብዬ እስከ በሩ ተሸከምኩላት።