የዐምናው ቀርከሃ

ልጅ እያለሁ ቅናት የሚያመኝ ሆዴን ነበር። ከሸመገልኩ ወዲህ ወደ ጉልበቴ ወርዷል፤ ደረጃ ስወጣ ሁሉ ይሰማኛል። ዳግም የተቀሰቀሰብኝ አሶሳ ባለው የሠፈራችን ወጣቶች ማእከል፣ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ነው። ሃዋ የምትባለው አሠልጣኝ እኔ የጻፍኩትን የጀማሪዎች መመሪያ ይዛ በእስክሪብቶ ስትሞነጫጭርበት አየኋት።

መመሪያው የእኔ ነው። ከመምህርነት ጡረታ እንደ ወጣሁ፣ በማእከሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ በነፃ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጫነ። ያ ማለት ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሥራ የሚያስይዘው ዋናው ፕሮግራም ነው። ማውዝ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው አጠቃቀሙን በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ላይ ስሜን ከርእሱ ትንሽ ገዘፍ አድርጌ አሳተምኩት። አንዱ ለምን እንዲህ እንደ ገዘፈ ቢጠይቀኝ፣ ዓይኔ ስለ ደከመ ነው አልኩት።

ሲስተሙ ግን በየጊዜው ይታደሳል፤ አፕዴት ይሉታል። በክረምቱ ታድሶ ሲነሣ ከታች በግራ የነበረው የሜኑ ቁልፍ ወደ ላይ ወጥቶ ተገኘ። ማጥፊያውም ከሌላ ምልክት ሥር ተደብቋል። የእኔ መመሪያ ብቻ እንደ ጌታው ካለበት አልተነቃነቀም፤ «ከታች በግራ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ» እያለ በሙሉ ልብ ያዝዛል። እኔ ራሴ ለውጡን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ቤት ያለውን ላፕቶፔን አፕዴት የሚባል ነገር እንዳያስነካ ከልክዬዋለሁ።

ሃዋ የልጅነት ጓደኛዬ የሙስጠፋ የልጅ ልጅ ናት። ይህ ቤተሰብ እኔን ለማስቀናት ተራ ገብቶ የሚሠራ ይመስለኛል።

የዚያን ቀን ከቶንጎ የመጣች ዘይነባ የምትባል ሴት ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። የሴቶች ማኅበራቸው ጸሐፊ አድርጎ መርጧት፣ ሥልጠናውን ጨርሳ እንድትመለስ ይጠብቃታል። በጣቷ የመመሪያዬን መስመር ትከተላለች፤ ከዚያ ስክሪኑን ከታች በግራ ታያለች፤ ምንም የለም። እንደገና ወረቀቱን፣ እንደገና ስክሪኑን። ሃዋ ከኋላዋ ቆማ ዝም ብላለች።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ አሳዪያት እንጂ!» አልኳት በሹክሹክታ።

«የት ላይ እንደምትቆም እያየሁ ነው፣ ጋሼ። እኔ ባሳያት እሷ ታልፋለች፤ ነገ የሚመጣው ግን እዚሁ ይቀራል።»

ይህን ነገር የሃዋ እናት እንኳ ሳትወለድ፣ ባምባሲ አጠገብ ወንዝ ዳር ሰምቼዋለሁ።

አባቴ ከወለጋ መጥቶ የሰፈረ ባለሱቅ ነበር። ከቤታችን በታች ወንዝ አለ፤ ያኔ ድልድይ የለውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ አልጋውን ያገላብጣል፤ ዐምና አሸዋ የነበረውን ዘንድሮ ጉድጓድ ያደርገዋል። መስከረም አልቆ ውኃው ሲጎድል፣ የረጠበ የቀርከሃ ቅጠልና የተጠበሰ እሸት በቆሎ ሽታ ዳር ዳሩን ሲሞላው፣ መሻገሪያውን ምልክት የማድረጊያው ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ጫፋቸው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው የቀርከሃ እንጨቶች በውኃው ውስጥ ይተከላሉ፤ ገበያተኛው እነሱን ተከትሎ ይሻገራል።

የዚህ ሥራ አለቃ ሼህ አልማሂ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ የዐምናውን እንጨት በሙሉ ያስነቅላሉ፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ የቆመውን ሳይቀር። «የዐምናው ቀርከሃ ውሸታም ነው» ይሉ ነበር፤ «ቀጥ ብሎ ስለ ቆመ ሰው ያምነዋል።» አዲሶቹ ከተተከሉ በኋላ ደግሞ ወንዙን አይቶት የማያውቅ እንግዳ ፈልገው፣ ወገቡን በገመድ አስረው ያሻግሩታል። ዳር የቆምን ሁሉ ዝም ማለት አለብን። «ወደ ግራ!» ብሎ የጮኸ ልጅ በማንጎ ፍሬ ጀርባው ላይ ይቀምሳታል። የእንግዳው እግር ያመነታበት ቦታ ላይ እንጨት ይጨመራል።

እንጨቱን የሚተክለው ልጅ በቆሎውን ከሼሁ ጋር እየበላ፣ ቀዩን ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ ይውላል። ለዚያች ጨርቅ ብዬ ጥርሴን አስወልቅ ነበር። የዚያን ዓመት የቀረነው ተፎካካሪዎች እኔና ሙስጠፋ ነን። እኔ ወንዙ ዳር ተወልጄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምሻገር፣ «ዓሣው እንኳ መንገድ የሚጠይቀው እኔን ነው» ባይ። ሙስጠፋ ከቶንጎ ገና መምጣቱ፤ የዝናብ ኩሬ ሳይቀር በእንጨት ካልለካ የማይረግጥ ፈሪ።

ሼሁ ወንዙን ለሁለት ከፈሉት፤ ወዲህ ማዶ ለእኔ፣ ወዲያ ማዶ ለሙስጠፋ። ሙስጠፋ የፈራበት ቦታ ሁሉ ላይ እየተከለ ግማሹን ወንዝ አጥር አስመሰለው። ሳቅሁበት። እኔ ጥቂት ብቻ፣ አራርቄ ተከልኩ። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ምንም አላቆምኩም፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ መታጠፍ እንዳለ የማያውቅ ማን አለ?

ለዚያን ዓመት ሙከራ በገመድ የታሰሩት፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ከወለጋ የመጡ የጨው ነጋዴ አያውቁም ነበር። ጨዋቸውን ለማናችንም አምኜ አልሰጥም ብለው ከነሸክማቸው ገቡ፤ ድንጋዩ ጋ ደርሰው ቀጥ ብለው ሄዱ፤ እስከ አንገታቸው ሰጠሙ። ገመዱ እሳቸውን አወጣ፤ ጨውን ግን የሚያወጣ ገመድ የለም።

ሴትዮዋ ውኃ እያንጠባጠቡ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ መንገዱን አላውቀው» አሉ።

«የለም፣ አዴ» አሉ ሼህ አልማሂ፤ «ጥፋቱ አውቃለሁ ባዩ ላይ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ የባለሱቁ ልጅ፣ ዘንድሮ የወንዛችን ዓሣ ጨው አያንሰውም» አሉኝ።

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። አባቴ ከሱቁ ጨው ተካላቸውና የእኔን ወጥ ለብዙ ጊዜ ጨው አስከለከለው። ቀዩ ጨርቅ ሙስጠፋ ራስ ላይ ታሰረ። ያን በጋ በሙሉ ከእሱ ቀርከሃዎች ውጭ፣ በራሴ መንገድ እየተሻገርኩ ሱሪዬ በስብሶ ትምህርት ቤት እገባ ነበር። መምህራችን ቢጠይቁኝ ላብ ነው አልኳቸው። ሙስጠፋ ግን ማሸነፉ ትዝም አላለውም። «ና በዚህ፣ ውኃ አይነካህም» እያለ በየቀኑ ይጠራኛል፤ ይሄ ደግነቱ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ዘይነባ እጇን ከማውዙ አነሣች፤ ሻርፗን አስተካክላ ብድግ አለች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ነኝ የማልችለው። ማኅበሩ ሌላ ሰው ይምረጥ።»

ጉልበቴ ቆረጠመኝ። ሃዋ አየችኝ። ጸሐፊው እኔ ነኝ ለማለት አንደበቴ ባይታዘዝም፣ ዝም ለማለትም አቃተኝ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አልኳት። «የዋሸሽ ወረቀቱ ነው።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«አንድ ሽማግሌ ነው። ወንዙን አውቃለሁ ባይ።»

ሃዋ ሳቋን ለመደበቅ አጎነበሰች። ዘይነባ ሽፋኑን ገልብጣ ያን የሚያህል ስም አየች፤ ከዚያ እኔን፤ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ግን ተቀመጠች። ሃዋ ቁልፉ የሄደበትን በገጹ ላይ ጻፈችላት፤ ዘይነባ አንብባ ራሷ አገኘችውና እንደ ልጅ አጨበጨበች። ለሃዋ ነው ያጨበጨበችው። ይህንንም ልብ አልኩት።

ያን ቀን መመሪያውን ለሃዋ አስረከብኩ፤ ገጾቹን በሙሉ ንቀይ አልኳት።

«ልክ የሆኑትንም?»

«ቀጥ ብለው የቆሙትን አስቀድመሽ።»

አሁን ሲስተሙ በታደሰ ቁጥር መመሪያውም ይታደሳል። ሽፋኑ ላይ ስሜ በነበረበት ቦታ ለየትኛው የሲስተሙ እትም እንደ ተጻፈ የሚናገር ቁጥር ገብቷል። በሰው ስቀና ኖሬ በስተርጅና በቁጥር ቀናሁ።

ወንዛችን ላይ ዛሬ ድልድይ አለ፤ ባጃጁ ከሥሩ ውኃ መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል። ያኔ ወንዙ የሚገለበጠው በዓመት አንዴ ነው፤ ቀድሞ በነጎድጓድ ያስጠነቅቀን ነበር። የዛሬው የኮምፒውተሩ ወንዝ ግን ያለ ደመና ይገለበጣል። ሼህ አልማሂ ካረፉ ቆይተዋል። ሙስጠፋም ዐምና አረፈ፤ እዚያም ቀድሞኝ ተሻገረ። ና በዚህ የሚለኝ ሰው የለም።

ሃዋ አዲሱን መመሪያ ስትጨርስ ሲስተሙን የማያውቅ እንግዳ መፈለግ ጀመረች። ሠልጣኞቹ ሁሉ ለምደውታል። ዞር ዞር ብላ እኔ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢቀድሙልኝ?»

እነሆ አሁን ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ አንዳንዴ ሳልጠፋም የጠፋሁ እመስላለሁ፤ አንዲት ቀርከሃ በእኔ ምክንያት ትተከል ብዬ ነው። ትናንት ግን የምሬን ጠፋሁ። ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ከኋላዬ ማንም «ወደ ግራ!» አላለኝም፤ የሃዋ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲንቀሳቀስ ብቻ ሰማሁ።

ጨው አልተሸከምኩም። ጣቴን አውርጄ ገባሁበት።