የሰርካለም ኮምፒዩተር ሁለት ሾፌሮች

በዚህ በደብረ ብርሃን ስለ መኪና ከተወራ እኔን ባየውን የሚያህል የለም። ኤንትሬ የጭነት መኪናዬን ሞልቼ፣ በጣርማ በር ጉም የኮፈኑ ጫፍ ሳይታየኝ፣ ፍሬን ሳልነካ በማርሽ ብቻ ደብረ ሲና ወርጄ ሻይ የጠጣሁ ሰው ነኝ። የዛሬዎቹ ደግሞ... ተዉት፣ እሱን ካነሳሁ ይመሻል። የማወራው ስለ ሰርካለም ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን የሰርካለምን ኮምፒዩተር ነገር ከእኔ አስተካክሎ የሚነግራችሁ አታገኙም።

ሰርካለም ከመናኸሪያው በታች ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውስጥ ያለችው አግዳሚ የእኔ ናት። ፎቶ ኮፒው ይሞቃል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ያደገችው አንኮበር፣ ጎረቤላ አጠገብ ነው። አባቷ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ የድጓ መምህር ናቸው። እኔ ቤተ ክርስቲያን በመኪና መስኮት የምሳለም ሰው፣ እሳቸው ሲያዜሙ ሞተር አጥፍቼ ሰምቻለሁ። ሰርኬ ልጅ ሆና፣ ተማሪ ዜማ ሲስት ከጓዳ ኡሁ ኡሁ ትል ነበር አሉ። መሪጌታም ተማሪውን «ጓዳው ሳለ፤ ድገም!» ይሉታል። ሴት ናትና ከተማሪው ጋር አልተቀመጠችም እንጂ፣ ዜማውን ከማንም ይልቅ በጆሮዋ ይዛዋለች።

ያን ጉሮሮ ዕጢ በቀለበት። ሐኪሞቹ «ነፍስዎ እንዲተርፍ ድምፅዎ ይሄዳል» አሏቸው። ሰርኬ ምን አደረገች? ጉሮሯቸው ከመቆረጡ በፊት እዚሁ ሱቋ አስቀምጣ ጾመ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ቀዳቻቸው። ከተቆረጠ ወዲህ ድምፃቸው ያ ቅጂ ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለተማሪዎቻቸው ልታደርስ ቃል ገብታለች።

ግን የት ታስቀምጠው? የደንበኛው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነው። ስለዚህ ቅጂውን ከሌላው ሥራ ለይታ፣ አንዱን ኮምፒዩተር ለሁለት ሾፌር ሰጠችው። መኪናው አንድ፣ ሞተሩ አንድ፤ ሲነሳ ግን «ዛሬ ማን ይንዳኝ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ዊንዶውስ ነው፣ ለደንበኛ። ሌላው ሊኑክስ የሚሉት፣ ለእሷና ለአባቷ ድምፅ። የጭነቱም ቦታ በመሃል ተከፍሏል። ዊንዶውሱ የሊኑክሱን ጭነት ማንበብ አይችልም።

«ሰርኬ፣ ትርፍ ጎማ ሳይዙ ደብረ ሲና አይወረድም፤ ሌላ ቦታም አስቀምጪው» ብያት ነበር።

«ጋሽ ባየው፣ አባዬን በዚህ ቆሻሻ ፍላሽ? አላደርገውም!» አለች።

የዊንዶውስ ክፋቱ፣ ማንበብ ያቃተውን ነገር «አላወቅሁትም» አይልም። «ይሄ ሳይጸዳ አይሠራም፣ ፎርማት ላድርገው?» ይላል። ጫጫ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ መካኒክ ነበር፤ ያልገባው ዕቃ ሁሉ «ተቃጥሏል» ነው። ደህናውን ዲናሞዬን አስጥሎኝ... ይቅር።

አንድ ቀን ሰርኬ አባቷን ለአንድ ዘመዳቸው የመንፈቅ ተዝካር አንኮበር ይዛ ሄደች። ሱቁን ለወንድሟ ለታደለ ሰጠችው። ባጃጅ ነጂ ነው፣ ልቡ ደግ። ሱቁ ውስጥ ሲያይ የኖረው አንድ ነገር ነው፦ የደንበኛ ፍላሽ አልከፍት ሲልና ያ ጥያቄ ሲመጣ፣ እህቱ ፎርማት ብላ ሁሉን ጠርጋ ትመልስለታለች። ያን ዕለት ጥያቄው ከኮምፒዩተሩ ከራሱ መጣ። እሱም እንደ ፍላሹ ጠረገው።

ስትመለስ እየሳቀ ተቀበላት። «እታለም፣ ኮምፒዩተርሽን አከምኩልሽ!»

«ምኑን?»

«ያ አልከፍት ያለውን ክፍል። ፎርማት አልኩት፤ ስንት ቦታ ወጣው መሰለሽ! የደንበኞቹን የሰርግ ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ገለበጥኩት።»

ሰርኬ ነጠላዋን ሳታወርድ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ታዴ... አባዬን?» አለችው።

አጥፍታ አስነሳችው። ማን ይንዳኝ የሚለው ጥያቄ አልመጣም፤ እሱም ከሊኑክሱ ጋር ተጠርጓል። ጥቁሩ የኮምፒዩተር መስታወት ላይ አንዲት መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሾፌሩ የሞተበት መኪና መብራት ይመስል። መሪጌታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ናቸው፤ አንገታቸው በሻሽ ተጠቅልሏል። እንዳይገባቸው ብዬ ስለ ኤንትሬዬ ማውራት ጀመርኩ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው ዝም አሰኙኝ። ገብቷቸዋል።

ዲስኩን ነቅላ ከተዋሰችው ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው። የጠፋ የሚያስመልስ ፕሮግራም አለ። የተጠረገ ብቻ ቢሆን ይገኝ ነበር አለች፤ ሰርጉ ላዩ ላይ ተጭኖበታል። ሰንብታ ሰንብታ ያገኘችው ሁሉ ሲከፈት ሽሽሽ ነው። ታደለ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ውስጡ ይቀመጣል፤ አይገባም፣ አይሄድም። አንዴ ወጥቼ «ና ግባ፣ ብርድ ነው» ብለው፣ «ጋሼ፣ በምን ዓይኔ?» አለኝ።

በመጨረሻ አንዲት ቁራጭ ተከፈተች። መጀመሪያ የሴት ሳል፤ የራሷ የሰርኬ ሳል። ያን ጊዜ ጉሮሯቸው ከድቷቸው ዜማውን ስተው ኖሯል። ቀጥሎ የሳቸው ድምፅ፣ እየሳቁ፦ «ጓዳው ሳለ። እሺ፣ ልድገመው።» ትንፋሽ ሳቡ። አለቀ።

መሪጌታ ጣታቸውን አነሱ፦ ድገሚ። ደገመችው። ሳል፣ ሳቅ፣ «ልድገመው»፣ ትንፋሽ። እዚያች ትንፋሽ ላይ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከሻሹ ሥር ነፋስ ብቻ ሽው አለ። ሰርኬ እንደ ልጅነቷ ልትስል ሞከረች፣ ልቅሶ ሆነባት።

እሳቸው እንደገና ጣታቸውን አነሱ። እኔ ባየው፣ ጣርማ በርን በማርሽ የወረድኩት ሰውዬ፣ ከዚያች ትንፋሽ ወዲያ ያለውን መንገድ መውረድ አቅቶኝ ወጣሁና ባጃጁ ውስጥ ታደለ አጠገብ ገባሁ። ከውስጥ ይሰማናል፦ ሳል፣ ሳቅ፣ «ልድገመው»።